ሳይበርድ ያበበው ኮክ

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ገብቶ እንኳ ብርዱ አልመጣም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ወር እጸገነት ከቤቷ የምትወጣው ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ ነው። የጎመኑ ቅጠል በውርጭ ደርቆ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ የቧንቧው ውሃ ጣት ይቆረጥማል፤ የቂርቆስ ደወል እንኳ በብርዱ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ድምፁ ቀጥኖና ጠርቶ ነው የሚሰማው። ዘንድሮ ግን በቀሚሷ ብቻ ወጥታ ደጇን ትጠርጋለች። ሰማዩ ደመና አዝሎ ያድርና ጠዋት ላይ ለብ ያለ ካፊያ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። ታክሲ ውስጥም ሱቅ ደጃፍም "ኧረ ዘንድሮስ ብርዱ ረሳን" እየተባባለ ይስቃል።

እጸገነት አልሳቀችም። እሷ የምታየው ኮኩን ነበር።

ኮኩ ከግቢው ጥግ፣ ከግንቡ አጥር ሥር የቆመ ያረጀ ዛፍ ነው። ግንዱ ተሰነጣጥቆ ሙጫ አንጠባጥቧል። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ኅዳር ላይ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ታኅሣሥ ላይ ራቁቱን ይቀራል፣ ብርዱን እንደዚያ ሆኖ ያሳልፍና ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ የካቲት ሊገባ ሲል ወይም ከገባ ወዲያ፣ ድንገት ከታች እስከ ጫፍ ያብባል። ዘንድሮ ቅጠሉን እንኳ በቅጡ አላረገፈም። ወደ ቤቱ ያዘነበለው ቅርንጫፍ ገና ቢጫ ቅጠሉን ተሸክሞ ሳለ፣ በግንቡ በኩል ያለው እምቡጥ አወጣ። እምቡጡ መጀመሪያ የምስር ፍሬ ያህል ነበር፤ ቀጥሎ ሽምብራ አከለ። አንድ ጠዋት አንደኛው ጫፉ ተሰንጥቆ የሕፃን ምላስ የመሰለ ቀይ ነገር ብቅ አለ።

እጸገነት መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆመች። ዙሪያዋን አየች፤ ማንም የለም። እጇን ዘርግታ እምቡጡን ቀጠፈችና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከሰው ቤት ዕቃ ሰርቃ የወጣች ይመስል ፈጥና ወደ ቤት ገባች።

ያን ያህል ያስፈራት አበባው አልነበረም። ያስፈራት የሰጠችው ቃል ነው።

ባሏ ታዲዎስ ከቤት ወጥቶ ከቀረ ሦስት ዓመት አልፎታል። ታዲዎስ ለገሀር ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ፣ ሥራው ከቀረ በኋላም ጠዋት ጠዋት ጫማውን ወልውሎ የሚቀመጥ ዝምተኛ ሰው ነበር። የካዛንቺስ ልጅ ነው። እጸገነት ከደብረ ብርሃን መጥታ አክስቷ ዘንድ ስትቀመጥ የአክስቷ ቤት ከእናቱ ቤት ጋር አጥር ይጋራ ነበር። ያን ጊዜ የልብስ ስፌት ትማራለች። ከአጥሩ ማዶ ያለው ኮክ ፍሬውን ወደ አክስቷ ግቢ ይጥላል፣ እሷ ትለቅማለች፣ እሱ ደግሞ አጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ "የወደቀው ትል አለበት፤ ቆይ ጥሩውን ላውርድልሽ" ይላታል። እንዲያ ተጀመረ። ተጋብተው እዚህ ቂርቆስ ቤት ሲያገኙ እናቱ ከዛፏ ሥር የበቀለ ችግኝ ነቅላ በጣሳ ሰጠቻቸው። ታዲዎስ የተከለው ልጃቸው ልዩ በተወለደችበት ክረምት ነው። እጸገነት በዚህ ግቢ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ልጅ እያሳደገች፣ ዛፉን እያየች አረጀች።

በመጨረሻ ታዲዎስን መርሳት ያዘው። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋው፤ ቀጥሎ የሰው ስም፤ ቀጥሎ መንገድ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረለት። ጠዋት ሲነቃ "ባቡሩ ገባ?" ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በመስኮት እያየ "ኮኩ አበበ?" ይላል። እጸገነት ለሁለቱም "ገና ነው" ትለዋለች። እሱም ተረጋግቶ ይቀመጣል።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጣ ብላ ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ያ ዓመት ብርዱ የጠናበት ዓመት ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ በውርጩ ላይ የእግሩ ዱካ ከደረጃው ተነሥቶ እስከ በሩ ይሄዳል። ከበሩ ውጭ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ዱካ አይዝም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞሩ። ጠበል ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አውቶቡስ ተራ ሳይቀር ፎቶውን ለጠፉ። ካዛንቺስ የእናቱ ቤት ድረስ ሄዳ በተከራዮቹ በር ላይ ቆማ ጠየቀች፤ አልመጣም አሏት። ወሬም አልተገኘ፣ አስከሬንም አልተገኘ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት "እግዜር ያጥናሽ" ይበላት ወይስ "እግዜር ያምጣልሽ" አያውቅም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ትከሻዋን ዳበስ አድርጎ ዝም ብሎ ያልፋል። እሷም ጥቁር አልለበሰች፣ ለቅሶ አልተቀመጠች። በመንገድ ከፊቷ የሚሄድ ሽማግሌ ባየች ቁጥር እርምጃዋን ታፈጥንና ፊቱን ዞራ ታያለች። በዚህ መሀል ካዛንቺስ ፈረሰ። ታዲዎስ ያደገበት ሰፈር መንገዱም፣ አጥሩም፣ የእናቱም ቤት ሜዳ ሆነ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ልዩ ከጎተራ መጣች። መምህር ናት፤ እዚያ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ብቻዋን አልነበረችም፤ የዕድሩን ዳኛ አቶ ቀለመወርቅን ይዛ ነው የመጣችው። እጸገነት ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ነገሩ ገባት።

"እማ፣ በቃ እኮ ነው" አለች ልዩ፣ የእናቷን እጅ ይዛ። "ማለቴ... አባቢን እንርሳው አላልኩም። ግን እርማችንን እናውጣ። አልቅሰን ይውጣልን። እኔ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ተገኘ ሊሉኝ ነው እላለሁ። አንቺም እዚህ ብቻሽን ግድግዳ እያየሽ..."

"ረውዳ እዚሁ ግቢ አለች፤ ብቻዬን አይደለሁም።"

"ረውዳ ሱቅ ትውላለች። ለቅሶውን እንቀመጥና እኔ ጋ ነይ። አልጋሽ እንኳ ተዘጋጅቷል።"

አቶ ቀለመወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እትዬ እጸገነት፣ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። የዕድሩ ግማሽ አባል ካዛንቺስ ነበር፤ አሁን አንዱ የት፣ አንዱ የት ሄዷል። እኛም ነገ ተነሡ ብንባል አይታወቅም። ለታዲዎስ የሚያለቅስለት ሰው ሳይበተን ለቅሶውን እናድርግ ነው የምለው። ድንገት ቢመጣ ደግሞ ምን ችግር አለ? እዚያው ድንኳን ውስጥ እንደገና እድራችኋለሁ።"

እጸገነት ሳታስበው ፈገግ አለች። ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ቀኑን እርስዎ ይንገሩን" አሉ አቶ ቀለመወርቅ። "መቼ እንዳረፈ የምናውቀው ነገር ስለሌለ እርስዎ ያሉት ይሆናል።"

እሷ በመስኮት ወደ ግቢው አየች። ዛፉ በመስከረም ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። "ኮኩ ሲያብብ ይሁን" አለች።

"የካቲት ማለት ነው? ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ጥሩ ነው።"

"ኮኩ ሲያብብ ነው ያልኩት።"

"ይሁን። ቃል ነው?"

"ቃል ነው" አለች እጸገነት። የካቲት ያን ጊዜ ሩቅ ነበር። መሀል ላይ ቁሩ አለ፣ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ። ያ ሁሉ ሳያልፍ ታዲዎስ ይመጣ ይሆናል ብላ ነው።

አሁን ግን ዛፉ በታኅሣሥ ተነሥቶባታል።

ከዚያች ከመጀመሪያዋ እምቡጥ በኋላ ነገሩ የየዕለት ሥራ ሆነ። ጎህ ሲቀድ ትነሣለች። ወንበር ተሸክማ ትወጣና ቅርንጫፉን በእጇ ዝቅ አድርጋ፣ የፈካውንና ሊፈካ ያለውን አንድ በአንድ ትለቅማለች። የሰበሰበችውን መጣል አልቻለችም። የታዲዎስ ዛፍ አበባ እንዴት ከቆሻሻ ጋር ይደፋል? ከዩኒፎርም ትርፍ ጨርቅ የሰፋችው የትራስ ልብስ ነበራት፤ እዚያ ውስጥ እየጨመረች ከበሩ ኋላ ሰቀለችው። አበባው እዚያው ይጠወልጋል። ቤቱ የኮክ ፍሬ ተሰብሮ ውስጡ ሲታይ ያለውን መራራ ሽታ መሽተት ጀመረ። ስትተኛም ይሸታታል፤ ስትነቃም ይሸታታል።

እሷ ስትቀጥፍ ዛፉ ይብስበታል። ዛሬ ያጸዳችው ቅርንጫፍ በማግሥቱ ነቁጥ በነቁጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ሌላውም ነገር ሁሉ ከቦታው ወጥቷል። ጎመኑ ቅጠል ሳያሰፋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄዶ ቢጫ አበባ አወጣ። ካፊያው ባቆመ ቁጥር ክንፍ ያለው ምስጥ ከመሬት እየፈላ በረንዳውን ይሞላል። ጣሪያው ሥር አንዲት ወፍ ጎጆ ጀምራ ጭድ ስታመላልስ ትውላለች። ምድር ሁሉ የሆነ ሰው ሊመጣ ነው ተብሎ ተነግሯት እየተጣደፈች ያለች ይመስላል፤ ለእጸገነት ግን ማን እንደሚመጣ የነገራት የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረ። ካፊያ ባልጣለበት ጠዋት እንኳ የዛፉ ሥር ያለው አፈር እርጥብ ሆኖ ታገኘዋለች። ዙሪያው ተኮትኩቶ፣ ውሃው እንዳይፈስ ከንፈር ተበጅቶለታል። ታዲዎስ በጤናው ጊዜ ኮኩን ውሃ የሚያጠጣው ጨለማው ሳይገፈፍ ተነሥቶ ነበር። እሷ በእንቅልፍ ልቧ የባልዲውን እጀታ ድምፅ፣ ቀጥሎ የእሱን ጉሮሮ መጥረግ ትሰማለች። አሁንም አንዳንድ ጊዜ ከመንቃቷ በፊት የባልዲ እጀታ የሚሰማት ይመስላታል። ተነሥታ ስትወጣ ማንም የለም፤ አፈሩ ግን ርሷል። ረውዳን ልትጠይቃት ትችል ነበር፤ እዚያው ግቢ፣ ሰርቪሱ ውስጥ ነው የምትኖረው። አልጠየቀቻትም። ብትጠይቃት ረውዳ መልስ ሊኖራት ይችላል።

አቶ ቀለመወርቅ አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ጎራ ብለው ደጃፉ ላይ ሻይ ሲጠጡ ዛፉን ቀና ብለው አዩት። ንቦች በባዶው ቅርንጫፍ ዙሪያ ይሽከረከራሉ።

"እነዚህ ምን ሊለቅሙ ነው የመጡት?" አሉ። "አበባ የለ፣ ምን የለ።"

"እንጃ" አለች እጸገነት።

"ሙቀቱ አሳብዷቸዋል። ዑራኤል አካባቢ ያለው ኮክ በሙሉ እኮ አብቧል፤ ሲያዩት የካቲት ነው የሚመስለው። የእርስዎ ግን ጨዋ ነው፤ ጊዜውን ያውቃል።" ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። "በየካቲት እንገናኛለን እንግዲህ።"

በዚያው ሳምንት ነው ረውዳ የተናገረችው። ረውዳ ላንቻ ትንሽ የቅመም ሱቅ አላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿ አድገው ሄደዋል፤ አፏ ግን አላረጀም። እሑድ ከሰዓት ሁለቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ።

"እጸዬ፣ ኮክሽን ምን ነካው? የሰው ሁሉ አብቦ የአንቺ ተላጭቷል።"

"ወፍ ነው። ወፍ ለቀመው።"

"ወፍ?"

"አዎ፤ ትንንሽ ወፎች አሉ።"

ረውዳ ነጭ ሽንኩርቷን አስቀመጠች። "እኔ ያየሁት ወፍ ትልቅ ነው። ወላሂ፣ ቀሚስ የለበሰ ወፍ ነው። ወንበር ላይም ይወጣል።"

እጸገነት ልጣጩን በጣቷ ወዲያና ወዲህ ትገፋዋለች።

"ወድቀሽ ብትሰበሪስ? እኔ ለሶላት ስነሣ በመስኮት ሳይሽ 'ያ ረቢ፣ ይቺን ሴትዮ ጠብቅልኝ' እያልኩ ነው የምሰግደው። አልቆጣሽም፤ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዛፉም አሳዘነኝ። ስትቀጥፊው ደግሞ ያወጣል፣ ስትቀጥፊው ደግሞ ያወጣል። ልፋት ነው። ስለዚህ ከሶላቱም በፊት፣ አንቺ ሳትነሺ ቶሎ ብዬ ውሃ አጠጣዋለሁ።"

እጸገነት ቀና አለች። "አንቺ ነሽ?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?"

ረውዳ ይህን እንዳለች የእጸገነትን ፊት አየችና ደነገጠች። "ውይ... እጸዬ፣ ይቅር በይኝ። እኔ ምን አውቄ።"

"ምንም አይደል" አለች እጸገነት። በዚያ ጊዜ የተሰማት፣ በዚያ በውርጩ ጠዋት ባዶውን ወንበር ስታይ የተሰማት ነገር ራሱ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጎህ ሲቀድ ወንበሩን አላወጣችም። አንድ ሐሳብ መጥቶላታል፤ የእናቱን ዛፍ ማየት አለባት። የዚህ ዛፍ እናት እዚያ ካዛንቺስ ናት። ቤቱ ቢፈርስም ዛፉን አልቆረጡትም ሲባል ሰምታለች። እናትየው ካላበበች የእሷ ዛፍ ተሳስቷል ማለት ነው። ዛፉ ከተሳሳተ ደግሞ ቃሉም አልደረሰም። ይህን ይዛ ለልዩም ለአቶ ቀለመወርቅም በግልጽ መናገር ትችላለች፤ መደበቅም፣ ወንበር ላይ መውጣትም አያስፈልጋትም።

ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በስታዲየም በኩል አድርጋ ሽቅብ ሄደች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሄደችበት መንገድ ነው። ካዛንቺስ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። መታጠፊያ ብላ የምታውቀው ሱቅ የለም። ወፍጮ ቤቱ የለም። ጠባቧ መተላለፊያ፣ ሰው ሲያልፍ አንዱ ለአንዱ ጥግ የሚይዝባት፣ የለችም። በቦታዋ ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ አዲስ የተተከለ ዘንባባ፣ ገና ሰው ያልተቀመጠበት የድንጋይ መቀመጫ አለ። ያልተሠራበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። የአክስቷ ቤት ደጅ ላይ ቆማ ይሁን መሀል አስፋልት ላይ፣ ማወቅ አልቻለችም። ወደ ላይ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ያገባችበትን ሰፈር ስታጣው ራሷን ፈራች፤ ታዲዎስን የያዘው ነገር እሷንም የያዛት መስሏት በመንገዱ ዳር ቆማ የልጇን ስም፣ የሰፈሯን ስም፣ የራሷን ስም በልቧ ጠራች።

ከፊቷ አንድ ሽማግሌ በመቀመጫው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀምጠዋል። ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ ትከሻቸው ወደ አንድ በኩል ዘንበል ብሏል። እጸገነት ሳታውቀው ተራመደች። "የልዩ አባት!" አለች።

ዞሩ። የማታውቃቸው ሰው ናቸው።

"የልዩ አባት አይደለሁም" አሉ እየሳቁ፤ ሁለት ጥርስ ቀርቷቸዋል። "የሜቲ አባት ነኝ፣ የሚሆን ከሆነ። ኦልጅራ እባላለሁ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው መስለውኝ ነው።"

"ሰው ነኝ እኮ። ቁጭ በይ እስቲ፤ ደክሞሻል።"

ተቀመጠች። ከዚያ ጠየቀቻቸው፤ እዚህ አካባቢ አንድ ኮክ ነበረ፣ ግቢው የአማቷ፣ አጥሩ ድንጋይ የሆነ። ንግግሯን ሳትጨርስ አቶ ኦልጅራ በከዘራቸው ወደ ማዶ አመለከቱ።

ከአረንጓዴው ቆርቆሮ አጥር በላይ የዛፉ አናት ይታያል። በሙሉ አብቧል። ግድግዳ በሌለበት፣ ጣሪያ በሌለበት፣ ያ ሁሉ ፍርስራሽ በተጠረገበት ሜዳ ላይ እንደ ደመና ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ቆሞ የሚያየው አንድ ሰው እንኳ የለም።

"እኔ እዚያ ጋ ነበርኩ፣ ከሱ ጎን" አሉ ሽማግሌው። "አሁን ልጄ ዘንድ ነው ያለሁት፣ ሩቅ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እየመጣሁ ቤቴ የቱ ጋ እንደነበር እፈልጋለሁ፤ ብፈልግ አላገኝም። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። አንድ ቀን እንዲሁ ስዞር ይሄ ዛፍ አብቦ አየሁት። አሃ፣ ኮኩ እዚያ ከሆነ በሬ እዚህ ነው አልኩ። ቅጠል ብቻ እያለ እኮ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ከሌላው ዛፍ አይለይም። አበባው ባይወጣ ቤቴን አላገኘውም ነበር። ብርዱ መቅረቱ ለኔ ጠቀመኝ።"

እጸገነት ዛፉን እያየች ብዙ ቆየች። ከአስፋልቱ ሙቀት እየተነሣ ነው፤ ነጠላዋ ውስጥ ያሉት እጆቿ ግን ቀዝቅዘዋል። ታዲዎስ የሚያውቀው መንገድ ሁሉ ፈርሷል። የሰው ስም ጠፍቶታል፣ የሰፈር ስም ጠፍቶታል። ከዚህ ሁሉ መንገድ ሊያሳየው የሚችል አንድ ነገር ብቻ ቀርቶለታል፤ በየጠዋቱ "አበበ?" እያለ ይጠይቃት የነበረው ኮክ። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ በአንዱ ቀን፣ በዚያች በግንቧ አጠገብ ባለች መንገድ እየተጎተተ አልፎ ከሆነስ? ቀና ብሎ ባዶ ቅርንጫፍ አይቶ "ገና ነው" ብሎ አልፎ ከሆነስ?

"አመመሽ እንዴ?" አሉ አቶ ኦልጅራ።

"የለም። ልሂድ። ቤቴን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት" አለች፤ ክፍት ግን አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀጠፈችም። የትራስ ልብሱን አውርዳ የጠወለገውን ሁሉ ከዛፉ ሥር ደፋችው፣ አፈር አለበሰችው። ዛፉ ሲከለከል የኖረውን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ቢጫ ቅጠል የተሸከመው ቅርንጫፍ ሳይቀር አበበ። ረውዳ ከሱቅ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ መጥታ ከእጸገነት ጎን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጨለማው ሲይዝ አበባው ብቻውን ቆሞ ይታይ ነበር።

በማግሥቱ እጸገነት ለልዩ ደወለች።

"ልዩ፣ ኮኩ አብቧል።"

ከልዩ ኋላ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል። "እማ... ገና ታኅሣሥ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሙቀቱ ነው። ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው የሆነው፤ ማለቴ፣ እንደ እውነተኛው አይቆጠርም። ከፈለግሽ እስከ የካቲት እንቆያለን። ጋሽ ቀለመወርቅን እኔ አናግራቸዋለሁ።"

ልጅቷ የማምለጫ በር ከፈተችላት። ይህንን ቃል ለመስማት ስንት ጠዋት ወንበር ላይ እንደወጣች እጸገነት ብቻ ታውቃለች። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

"የካቲት አላልኩም እኮ" አለች። "ኮኩ ሲያብብ ነው ያልኩት። ገና ይለፍና ኑ።"

ገና እንዳለፈ አቶ ቀለመወርቅ ድንኳኑን አስተከሉ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ የድንኳኑ አንድ ጥግ የታሰረው ከኮኩ ግንድ ላይ ነው። ማታውን፣ ሴቶቹ ለንፍሮው ስንዴና ሽምብራ ሲለቅሙ፣ ዳኛው የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ ፊሮምሳን ይዘው መጡ። ጎህ ሳይቀድ በየሰፈሩ እየዞረ ለቅሶውን የሚለፍፈው እሱ ነው።

"ስማቸውን እስከ አያት ይንገሩኝ" አለ ፊሮምሳ። ነገረችው። እንዳይሳሳት ሁለቴ አስደገመችው።

"ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ እስከ ላንቻ መውረጃ ይበቃል" አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

"ካዛንቺስም ይሂድልኝ" አለች እጸገነት።

"እትዬ፣ ካዛንቺስ አሁን ማን አለ? መብራትና ዘንባባ ነው ያለው። ለማን ይለፍፋል?"

"ግድ የለም። በዚያ በኩልም ስሙን ይጥራልኝ።"

አቶ ቀለመወርቅ ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ልዩን አዩ፣ ልዩ መሬት መሬት ታያለች። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው አዞሩት። "ይሄዳል" አሉ።

እጸገነት ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አየሩ ለብ ያለ ነው። ልዩ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። መጀመሪያ ጡሩምባው ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተሰማ፤ ቀጥሎ የፊሮምሳ ድምፅ፤ "አቶ ታዲዎስ ወልደ ሰንበት... አርፈዋልና... የዕድሩ አባላት... ለቅሶ ድረሱ!" ውሾች ጮኹ፤ አንድ ሁለት መስኮት በራ። ድምፁ በደጃፋቸው አለፈ፣ ወደ ላንቻ ወረደ፣ ጠፋ። በሮች ይከፈቱ ጀመር። ረውዳ ሻርፗን ጠምጥማ ከሰርቪሱ ወጣች፤ ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ቆመው እሷን ይጠብቃሉ፤ እሷ ሳትጀምር ማንም አይጀምርም።

እጸገነት እጇን አነሣች፤ ቆዩ ማለቷ ነው።

ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ከዚያ ከማዶ ጡሩምባው እንደገና ተሰማ። ቤት ከሌለበት፣ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳ ከሌለበት ነው የሚመጣው። የተቀረው ቃል በመንገድ ቀርቶ ስሙ ብቻ ይደርሳል፤ "ታዲዎስ..." ይላል፤ ደግሞ ራቅ ብሎ "ታዲዎስ..." ይላል።

ከዚያ ጸጥ አለ። እጸገነት ሰው ሲጠሩት አቤት እስኪል የሚወስድበትን ያህል ጠበቀች። ትንሽ ጨምራም ጠበቀች።

ከዚያ እሪ አለች።